«እንደ ሶማሊያ እንዳንሆን» እስከ መቼ እንላለን?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹና ከዓመት ጋር የተጻፉት ቀኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ሰዎች ስለ ፖለቲካ መከራከር ሲጀምሩ ሦስተኛው ጣልቃ ይገባና «ኧረ ተዉ፣ እንደ ሶማሊያ እንዳንሆን» ይላል። ታክሲ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። ቲቪ ላይ ተንታኙ ይለዋል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሽማግሌው ይለዋል። ሰው ልጁን በአያ ጅቦ እንደሚያስፈራራው እኛ ትልልቆቹ አንዳችን ሌላውን በጎረቤት አገር እናስፈራራለን። ይህ ነገር ይብቃን ነው የምለው። ምክንያቴን ላስረዳ።

መቀመጫውን ዋሽንግተን ያደረገ ፈንድ ፎር ፒስ የሚባል ድርጅት በየዓመቱ አገሮችን በደካማነት ተራ ይደረድራል። 12 መመዘኛ አለው። እያንዳንዱ ከ10 ይታሰባል፣ ድምሩ 120 ነው። ብዙ ነጥብ ያገኘ አገር የባሰበት ማለት ነው። ሶማሊያ ከ2008 እስከ 2013 ስድስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣች። ከዚያ ደቡብ ሱዳን መጣች፣ በኋላም የመን። በ2023 እና በ2024 ሶማሊያ ተመልሳ አንደኛ ሆነች። ዝርዝሩ ውሸት ነው አልልም። ጸጥታው፣ የባለሥልጣናቱ መከፋፈል፣ ስደቱ፣ የአገልግሎቱ መጥፋት፣ ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው የጎደለውን ነው። ሰዎቹ በጎደለው ቦታ ምን ተክተው እንደሚኖሩ የሚጠይቅ መመዘኛ ከ12ቱ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አፍሪካ ውስጥ በድምፅ ተሸንፎ ሥልጣኑን በሰላም ያስረከበ የመጀመሪያው ርዕሰ ብሔር የሶማሊያው ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ዑስማን ናቸው። ጊዜው 1967 ነው። ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ፣ ተሸነፉ፣ ወንበሩን ለአብዱራሺድ ሸርማርኬ ለቀቁ። የሞቃዲሾ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬም በእሳቸው ስም ነው የሚጠራው። በዚያን ዘመን እኛ መሪን በድምፅ ማውረድ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር።

ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ቦሌ ሚካኤል ሂዱ። የሶማሊያ የነፃነትና የውህደት ቀን ነው፣ ጁላይ 1። እኔ እዚያው ሰፈር ነው የምኖረው። ድሪያ ቀሚስ የምትሸጥ ጎረቤቴ ሰማያዊውን ባንዲራ በልብስ መቆንጠጫ አድርጋ ከሱቋ ተጠቅላይ በር ላይ ትሰቅለዋለች። ነፋሱ ሲያዞርባት ወጥታ ታስተካክለዋለች። ልጆቿ ሞቃዲሾን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። አባቷ በ1974 ገጠር ለገጠር እየዞሩ ማንበብና መጻፍ ካስተማሩት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። ሶማልኛ በመንግሥት ደረጃ የጽሕፈት ፊደል ያገኘው በ1972 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ተማሪው ወደ ዘላኑ ሕዝብ ወጣ። የእኛም ተማሪዎች ለእድገት በሕብረት ዘመቻ የወጡት በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ስለ አባቷ ስታወራ ድምጿ ከፍ ይላል። መንግሥቱ ፈርሶ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እሷ ግን በዚያ ዘመቻ ትኮራለች።

እኛ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ምስላችን በዓለም ቲቪ የዞረ ሕዝብ ነን። ከዚያ ወዲህ ውጭ የወጣ ኢትዮጵያዊ ስንቱ ነው «እዚያ ምግብ አለ እንዴ?» ተብሎ የተጠየቀው። ይህ ጥያቄ ያመናል። ታዲያ ለምንድን ነው ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤታችን የምናቀርበው? እስቲ የምታስቡትን ጻፉልኝ።

(ክሩ ስለረዘመ እስካሁን የመጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ። አዲስ የምትገቡ ከዚህ መቀጠል ትችላላችሁ።)

ምላሽ 1

ሐርጌሳ ሁለት ዓመት የሠራች እህት ናት። በጣም በትህትና ጀመረች። ሐሳቤን እንደምትደግፍ ገልጻ የገንዘብ መንዛሪዎቹን ነገር አነሳች። መንገድ ዳር የኖት ክምር እንደ ጡብ ደርድረው ይቀመጣሉ፤ የሶላት ጥሪ ሲሰማ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ማንም አይነካውም። መጀመሪያ ያየች ቀን ቆማ እንደጠበቀችላቸው፣ በኋላ ግን እሷም እንደለመደችው ጻፈች። ፈርሷል በሚባል አገር ይህን ማየቷ አመለካከቷን እንደለወጠው ነው የምትለው።

ምላሽ 2

ወዲያው እርማት መጣ። ሐርጌሳ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ናት፣ ሶማሌላንድ ደግሞ ከግንቦት 18 ቀን 1991 ጀምሮ በራሷ መንግሥት፣ በራሷ ገንዘብ፣ በራሷ ምርጫ ነው የምትኖረው። የሐርጌሳን ሰላም ለሞቃዲሾ መስጠት ሐርጌሳ ሲሰማ ጠብ ያስነሳል ይላል። ለአሥርት ዓመታት ዓለም ዕውቅና ሳይሰጣቸው ሥርዓት ያቆሙ ሰዎች ናቸውና ኩራታቸው ከሞቃዲሾው ኩራት የተለየ እንደሆነ አስረዳ። ትክክለኛ እርማት ነው። የምላሽ 1 ጸሐፊም አመሰገነችው፤ ይህን በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ አናይም።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ይህ ሰው ወጉን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ገባ። በ2011 ረሀብ ወደ 260,000 ሰው እንዳለቀ፣ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን እንደነበር አስታወሰን። ጥቅምት 14 ቀን 2017 ሞቃዲሾ ዞቤ መገናኛ ላይ የፈነዳው የጭነት መኪና ከ580 ሰው በላይ ገደለ። ባንዲራ የሞተን ልጅ አያስነሳም፣ ኩራትም ዳቦ አይሆንም ይላል። «እንደ ሶማሊያ እንዳንሆን» ማለት ስድብ ሳይሆን ማስተዋል ነው፣ ጎረቤቱ ሲቃጠል አይቶ ቤቱን የማይጠብቅ ሞኝ ነው ብሎ አምርሮ ጻፈ። እኔንም ቁስልን በሽቶ የሚሸፍን ብሎኛል።

ከተቃወሙኝ ሁሉ የበረታው ይህ ነው። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ሆኖም አንድ ነገር አለፈው። እኛ ያንን አባባል ስንጠቀም ስለ 2011ዱ ሕፃናት እያሰብን አይደለም። ማሰብስ ቢሆን ኖሮ ያኔ ድንበር ተሻግረው ዶሎ አዶ የደረሱትን እናቶች ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አባባሉ ሐዘን የለበትም። ተከራካሪን ዝም ማሰኛ ነው፣ አለቀ።

ምላሽ 4

ሞቃዲሾ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ ወጣት ነው፣ አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል። ለምላሽ 3 ጸሐፊ «ወንድሜ» ብሎ ነው የጀመረው። ጥቅምት 14ን የጠራኸው ቁጥሩን ብቻ ነው፣ ቀጥሎ የሆነውን እኔ ልንገርህ ብሎ ገባበት። ሕዝቡ ግንባሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ አደባባይ ወጣ። ደም ለመስጠት ሰልፍ ያዘ። የዚያን ቀን ቁስለኛ የሚያመላልሰው አሚን አምቡላንስ ነበር፤ አንድ የጥርስ ሐኪም በ2006 የመሠረተው፣ ከሚያመላልሰው ሰው ሳንቲም የማይቀበል አገልግሎት። ከተማው በሚሊሻ ተከፋፍሎ በነበረበት ዘመን ነው የተጀመረው። የአገሬን መንግሥት ብትሰድብልኝ አብሬህ እሰድባለሁ፣ አገሬን ስትል ግን እነዚያን ሾፌሮች መስደብህ ነው የሚለው ሐሳቡ ብዙ ሰው ወዶለታል። ምላሽ 3 አልመለሰለትም።

ምላሽ 5

ረጅም ነው፣ ያለ አንቀጽ የተጻፈ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጸሐፊው በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ የዘመቱ አባት ናቸው። ሚሊሺያ ነበሩ። ካራማራ ላይ ጓደኞቻቸውን ቀብረዋል። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ስትመለስ እዚያው ነበሩ። ከተማው ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ በኖራ ተስሎ እንዳዩና እስከ ዛሬ ከዓይናቸው እንዳልጠፋ ይናገራሉ። የኮከቡ አንድ ጫፍ የእኛ መሬት ነው። የዚያድ ባሬ ጦር በ1977 ክረምት ድንበር የተሻገረው በዚያ ኮከብ ስም ነው። ኩራት በልብስ መቆንጠጫ ሱቅ ላይ ሲንጠለጠል ደስ ይላል፣ ታንክ ላይ ሲወጣስ ብለው ጠየቁኝ። ወታደሩን አልጠሉም። ፊት ለፊት የገጠሙት ሰው ጀግና እንደነበር፣ ሳይሸሽ እንደሞተ መስክረዋል። ጥላቻ ከመሪው ካርታ ጋር ነው የነበራቸው። ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው።

ምላሽ 6 እና 7

ምላሽ 6 አንድ ልጅ ነው፣ አባትየውን «አንተ» እያለ፣ የድሮ ጦርነት ይዘህ አትምጣብን የሚል አጭር ነገር ወርውሮ ሄደ። ምላሽ 7 ልክ አስገባው። መጀመሪያ አንቱ ማለትን ተማር አለው፣ ቀጥሎ ታሪኩን አስተካከለ። ባንዲራው የወጣው በ1954 ነው፣ ከነፃነቱ ስድስት ዓመት በፊት፤ አምስቱ ጫፎች ሶማሌ የሚኖርባቸው አምስት ግዛቶች ነበሩ፣ የጣሊያኑ፣ የእንግሊዙ፣ የፈረንሳዩ፣ በኬንያ ሥር ያለውና ኦጋዴን። ጅቡቲ በሰኔ 1977 ለብቻዋ ነፃ ወጣች፣ የራሷን ባንዲራ ሰቀለች። ስለዚህ ኮከቡ የሚያወራው ቅኝ ገዥ ስለቆራረጠው ሕዝብ ነው፣ ጦርነቱን የከፈተው ግን ኮከቡ ሳይሆን ሥልጣኑን በመፈንቅለ መንግሥት የያዘ ጄኔራል ነው ይላል። ከሁለቱ አባባሎች ወደ አባትየው አደላለሁ። አንድ አገር ባንዲራው ላይ የጎረቤቱን መሬት ሲያኖር ለሚመጣው ጄኔራል ሰበብ አስቀምጦለታል። ኩራትን አከብራለሁ ስል ይህን አልዘነጋም።

ምላሽ 8

ከጅግጅጋ ነው የተጻፈው። ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ምላሽ ነው።

ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ሶማሌ ነው። እናንተ «እነሱ» ስትሉ በመካከል እኔ አለሁ ይላል። ድንበሩ ላይ አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር መታወቂያው ከሌላው ሰው መታወቂያ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ኬላ ላይ ይገላበጣል። ዩኒቨርሲቲ ሳለ አብሮት የሚማር ልጅ፣ ክፋት ሳይኖረው፣ አገርህ ሰላም ሆነ ወይ ብሎ ጠይቆታል። አገሩ ጅግጅጋ ነው። ሰላም ነበር።

ከዚያ የቤተሰቡን ታሪክ ተረከ። አጎቱ ከ1970 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ሸሽቶ ሶማሊያ ውስጥ የስደተኛ ካምፕ ገባ። ያኔ የእኛ ሰው ነበር በእነሱ አገር ድንኳን ውስጥ የሚኖረው። ከአሥር ዓመት በኋላ ተገላበጠ። በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው ሐርጌሳን ደበደቡ፤ መንግሥት የራሱን ከተማ ነው የመታው። ሕዝቡ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርቲሼክ ሰፈረ። ሐርቲሼክ ውኃ የላትም። ውኃው ከሩቅ በቦቴ ይመጣ ነበር። እናቱ ያኔ ወጣት ነበሩ፣ ቦቴው ሲመጣ የሚሰማውን የጀሪካን ኳኳታ ዛሬም ያስመስሉታል። እኛም ድሃ ነበርን፣ ግን ማንም ስደተኛውን የፈረሰ አገር ሰው ብሎ አልጠራውም፣ እንግዳ ነው ያልነው ይላል ልጁ።

አንድ መስመር ደግሞ ለአባትየው ጻፈላቸው። ካራማራ የሚሄዱበት ቀን ካለ ቤቱ ቤታቸው እንደሆነ፣ ስለ ኮከቡ ግን እንደማይስማማ። ኮከቡን የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በኖራ የሳለው ምናልባት የእሱ አጎት ሊሆን ይችላል።

ምላሽ 9 እና 10

ወደ ኢኮኖሚ ዞርን። ምላሽ 9 ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ይመስላል። ከ1991 ወዲህ የሶማሊያ ማዕከላዊ ባንክ አንድም የሽልንግ ኖት አላተመም። አይ ኤም ኤፍ ገበያ ላይ ካለው ሽልንግ 98 በመቶው የተመሳሰለ እንደሆነ ተናግሯል፣ ሰው ግን ይገበያይበታል። ከዚያም የሞባይል ገንዘብ መጣ። የዓለም ባንክ በ2018 እንዳወጣው ከ16 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ 73 በመቶው ይጠቀምበታል። ሐርጌሳ ውስጥ ዛድ የሚባለው የሞባይል ገንዘብ የተጀመረው በ2009 ነው፤ የእኛ ቴሌብር በ2021። ሻይ ሻጭም ለማኝም በስልክ የሚቀበልበት አገር ሆኖ ሳለ ኋላቀር የምንለው በምን ሒሳብ ነው ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 10 አልተዋጠላትም። ቁጥሩን አልካደችም። ማዕከላዊ ባንክ መሥራት ስላቃተው ነው ሰው ወደ ስልክ የሮጠው፣ ይህን እንደ ድል አትቁጠርልኝ አለች። ኩባንያው አንድ ቀን ቢዘጋ የድሃው ገንዘብ የት ይከሰሳል? ቀጥላ ግን ራሷ ያነሳችው ነገር ለእኔ ሐሳብ ትልቅ ማስረጃ ሆነልኝ። በኅዳር 2001 አሜሪካ አል-ባረካትን በሽብር ዝርዝር ውስጥ አስገብታ ሒሳቡን አገደች። ያኔ የሶማሊያ ትልቁ የሐዋላ ድርጅት እሱ ነበር፣ ስልክም ያስደውል ነበር። ሚኒያፖሊስ ያለች ሴት ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ በአንድ ቀን ተቋረጠ። በ2004 የመስከረም 11 መርማሪ ኮሚሽን ባለሙያዎች ሽብርን ለመደገፉ ማስረጃ እንዳላገኙ ጻፉ። እንግዲህ ስም ማለት ይህ ነው። ሶማሊያ ሲባል ሽብር ብቻ የሚታየው ባለሥልጣን ፊርማውን ሲያኖር የእናትየው ዱቄት ይቆማል። የውጭ ሰው አመለካከት ምን ይጎዳል ለምትሉኝ ሰዎች ይህን ደግማችሁ አንብቡ።

ምላሽ 11፣ 12 እና 13

ከርዕስ ወጡ። ስለ ሩዝና ሙዝ ነው። አንዷ ቦሌ ሚካኤል ሩዝ አዝዛ አብሮ የመጣውን ሙዝ ለማጣጣሚያ ብላ ዳር ላይ እንዳስቀመጠችው ጻፈች። ሌላው ሙዙ ከሩዙ ጋር እየተቆረሰ እንደሚበላ አስረዳት። ሦስተኛው ፓስታ በእጅ የሚበላበትን መንገድ ሲያስረዳ ምላሽ 14 ወደ ጉዳያችን መለሰን።

ምላሽ 14

አትሌቲክስ የሚወድ ሰው ነው። ሁለት ስም ጠራ። አብዲ ቢሌ በ1987 ሮም ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኛ ራሳችን በወንዶች 1,500 ሜትር እንደ ልባችን እንዳልሆንን ለምታውቁ ይህ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛዋ ሳሚያ ዩሱፍ ዑመር ናት። በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ 17 ዓመቷ ነበር። 200 ሜትር ሮጠች፣ 32.16 ሰከንድ፣ በምድቧ መጨረሻ። ከፊቷ ያሉት ሁሉ ገብተው ሳለ እሷ ገና እየሮጠች ነበር፣ ስታዲየሙም ተነስቶ አጨበጨበላት። ሞቃዲሾ ውስጥ የምትለማመደው በጥይት በተበሳሳ ስታዲየም ነበር፣ ሴት ልጅ ምን ያስሮጣታል የሚሏትን ሰዎች እያለፈች። ለለንደን ኦሊምፒክ ለመዘጋጀት አሰልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣች። እዚህ እኛ መካከል ኖራለች። ከዚያ በሱዳን አድርጋ ሊቢያ ገባች። በ2012 ወደ ጣሊያን ስትሻገር ባሕር ላይ ቀረች።

ጸሐፊው የጨመረው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው። ቤጂንግ ላይ የሮጠችው አገሯን ወክላ ነበር። ይህን ለሕዝብ ግንኙነት ብሎ ያዘዛት መንግሥት አልነበረም፤ ያኔ መንግሥቱ የሞቃዲሾን ጥቂት መንደሮች እንኳ በቅጡ አይቆጣጠርም። አገር መውደድን ከመንግሥት ጋር ብቻ ለምታያይዙ ሰዎች ሳሚያ መልስ ናት። እኔ ከዚህ የተሻለ ልጽፍ አልችልም።

ምላሽ 15

ለሳሚያ ማልቀስ ቀላል ነው፣ ከሐረርጌና ከወሎ ተነስተው በቦሳሶ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩት የእኛ ልጆች ግን ስንት ሆነዋል ብላ የጠየቀች እህት ናት። የፈረሰ የምንለው አገር የእኛን ስደተኛ እያሳለፈ ነው። ቦሳሶ ውስጥ ምግብ ቤት ዕቃ አጥበው፣ መኪና አጥበው የጀልባ ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ኢትዮጵያውያን አሉ። እዚያ የሚያሳድራቸው ሶማሌ ነው። አጭር ነው፣ ግን ከብዙ ረጅም ጽሑፍ ይበልጣል።

ምላሽ 16 እና 17

ጠቡ የተነሳው እዚህ ነው። ምላሽ 16 ከታኅሣሥ 2006 እስከ ጥር 2009 የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ ውስጥ እንደነበር አስታውሶ፣ ራሳችን ገብተን የተዋጋንበትን አገር መሳቀቂያ ማድረግ ነውር ነው አለ። አል-ሸባብ የተነካውን የሕዝብ ኩራት ተጠቅሞ ወጣቱን እንደመለመለም ጨመረ። ምላሽ 17 ተናደደ። ወንድሙ ባይደዋ ዘምቷል። ያኔ ሞቃዲሾን የያዘው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በ2006 ጂሃድ ያወጀብን እኛ ቤታችን ተቀምጠን ሳለ ነው አለ። በ2014 በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ስንገባም የሞቱት ልጆቻችን ለሶማሊያ ሰላም ነው የሞቱት፣ አንድ ሰው አመስግኖ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተባባሉትን እዚህ አልጽፍም፤ አወያዩ አጥፍቶታል።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘው ነው የተጣሉት። የወታደሩን ደም አላቃልልም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ፣ መንግሥት ኖረውም አልኖረው፣ የውጭ ጦር መንገዱ ላይ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ዓድዋን በየዓመቱ የምናከብር ሰዎች ይህ እንዲገባን አስረጅ አያስፈልገንም።

ምላሽ 18

ይህ ሰው ዓመቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በ2023 ሶማሊያ በደካማ አገሮች ዝርዝር አንደኛ ወጣች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሰረዘላት፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት የአበዳሪዎቹን ቅድመ ሁኔታ ስታሟላ ኖራለች። በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ተነሳ፣ ከ1992 ጀምሮ የነበረ። ከሳምንታት በፊት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ስምንተኛ አባል አድርጎ ተቀበላት። ለ2025 እና ለ2026 የጸጥታው ምክር ቤት ወንበር አግኝታለች፣ ከ1972 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ዝርዝሩን የሚያወጡት ሰዎች ተሳስተዋል ወይስ ዕዳ የሰረዙት ብሎ ጠየቀ። እኔ ሁለቱም አልተሳሳቱም ባይ ነኝ። አል-ሸባብ ገጠሩን ይዞ ግብር እየሰበሰበ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ደግሞ ሒሳቡን ማስተካከል ይችላል። አንደኛውን ብቻ መርጦ መናገር ነው ችግሩ።

በዚያው ምላሽ መጨረሻ ላይ የእኛን ነገር አነሳ። ኢትዮጵያም በዚያ ዝርዝር ከመጀመሪያዎቹ 20 ውስጥ ናት። ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ኧረ እንደ ኢትዮጵያ እንዳንሆን ቢል ምን ይሰማናል? ከዚህ በኋላ ለሰዓታት ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 19

ዝምታውን የሰበረችው ሶማሊያዊት ናት፣ ከጁባ ወንዝ አካባቢ፣ ባንቱ ከሚባሉት ወገን። ለእኔም ለምላሽ 4ም ነው የጻፈችው፣ ለሁለታችንም አልራራችም። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት እየተባለ የሚዘመረው ኩራት እሷን እንደማይጨምር ተናገረች። በ2000 ጅቡቲ አርታ ላይ በተደረገው ጉባኤ የመጣውን የ4.5 የሥልጣን ክፍፍል ቀመር አስረዳች። አራቱ ትልልቅ ጎሣዎች እያንዳንዳቸው እኩል ድርሻ አላቸው፣ የቀሩት ሁሉ ተጠቃለው ግማሽ። ግማሽ ሰው የሚያደርገኝን ሥርዓት ውጭ ሆኖ የሚያደንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ከሚንቀው ሰው እኩል ያናድደኛል ትላለች። አደን አብዱላ ዑስማን ሥልጣን ማስረከባቸውን እንደምታከብር፣ ነገር ግን በአገሪቱ ሁሉ ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ የሰጠበት የመጨረሻው ምርጫ በመጋቢት 1969 እንደነበር፣ ያኔ እናቷ እንኳ ገና ልጅ እንደነበሩ ጻፈች።

ጎረቤቴ ባንዲራውን የምትሰቅለው እውነት ነው። ይህችም እህት ያ ባንዲራ ጀርባውን እንደሰጣት የምትናገረው እውነት ነው። አንዷን በሌላዋ መርታት አልፈልግም። የአገሩን ጉድ እንዲህ ዓይን ዓይኑን አይቶ የሚናገር ሰው ያለበትን አገር ግን በሦስት ቃል ማስፈራሪያ ማጠቃለል የበለጠ ነው የከበደኝ።

ምላሽ 20

የምላሽ 4 ወጣት ተመልሶ መጣ። አልተከላከለም። «እህቴ» ብሎ ጠርቷት፣ የእሱ ጎሣ ሙሉ ድርሻ ካላቸው አንዱ እንደሆነና ትምህርት ቤት ሳለ የባንቱ ልጆች በምን ስም ይጠሩ እንደነበር እንደሚያስታውስ ጻፈላት። ቀመሩ ጦርነቱን ለማብረድ የመጣ ነው ብሎ ያምናል፤ እሷ ደግሞ 20 ዓመት ያለፈው ማብረጃ ሥርዓት ሆኖ ቀርቷል ብላ መልሳለታለች። አሁን ክርክሩ በእነሱ በሁለቱ መካከል ነው ያለው። ከ4.5 ወጥቶ ወደ ቀጥታ ምርጫ መሄድ ገጠሩ በአል-ሸባብ እጅ እያለ ይቻላል ወይ የሚለው ላይ ደርሰዋል። ስለዚህ ጉዳይ በቅርብ የምታውቁ ሞቃዲሾ፣ ባይደዋ ወይም ኪስማዮ ያላችሁ ሰዎች ብትገቡበት ደስ ይለኛል። እኛ የቀረነው ለጥቂት ጊዜ እናንብብ።